ታሪፉ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ፦ በቴሌኮም ቢሊንግ ላይ የዋጋ ደንብ የማዋቀር ተሞክሮ

የምንሠራው ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ቢሮ ነው። ደንበኛችን አውሮፓ የሚገኝ፣ በኢንተርኔት የሚደወል የስልክ አገልግሎት የሚሸጥ መለስተኛ ድርጅት ነው፤ ተጠቃሚዎቹ አብዛኞቹ ወደ ኢትዮጵያ የሚደውሉ የእኛው ሰዎች ናቸው። የእኛ ድርሻ በቢሊንግ ሶፍትዌሩ፣ ማለትም የጥሪውን ሒሳብ አስልቶ በሚያስከፍለው ፕሮግራም ላይ፣ የዋጋ ደንቦቹን ማስገባትና መፈተሽ ነበር። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ሥራ ለሚጀምር ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው። የሶፍትዌሩን ስም አልጠቅስም፤ አንዱ ከሌላው በአሠራር ቢለይም ችግሩ ሁሉም ጋ ያው ነው።

ሥራውን ስንረከብ የተሰጠን አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ነው፤ በአንድ በኩል የአገር ስም፣ በሌላው የደቂቃ ዋጋ። ላየው ሰው ሥራው ያን ሰንጠረዥ መገልበጥ ብቻ ይመስላል። ሰንጠረዡ ግን ቀላሉ ነው። የሚያስቸግረው አንድ ጥሪ በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ደንብ ሲነካ የትኛው ይቅደም የሚለው ነው። ደዋዩ ልዩ ውል አለው፤ ቀኑ እሑድ ነው፤ የወር ፓኬጁ ገና አላለቀም፤ በዚያ ላይ የበዓል ቅናሽ ወጥቷል። አራቱም ደንቦች ትክክል ናቸው፤ ደንበኛው የሚከፍለው ግን አንድ ዋጋ ነው።

ስለዚህ ሶፍትዌሩን ሳንነካ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ተቀመጥን። የድርጅቱ የሽያጭ ኃላፊ የጎንደር ልጅ ናቸው፤ ከሄዱ ብዙ ዘመን ቢሆናቸውም አማርኛቸው አልተነካም። ደውዬ፣ «ጋሼ፣ ልዩ ውል ያለው ደንበኛ በበዓል ቀን ሲደውል የበዓሉን ቅናሽ ያገኛል?» አልኳቸው። «ምን ጥያቄ አለው፣ ያገኛል እንጂ!» አሉ። «የውሉ ዋጋ ከበዓሉ ዋጋ የሚያንስ ቢሆንስ?» ስል ዝም አሉ። ከዚያ «እሱን እንኳ አላሰብኩትም ልጄ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ዝምታ በሰማችሁ ቁጥር ማንም ያልጻፈው ደንብ ላይ ደርሳችኋል፤ መልሱን በኢሜይል አስጽፉ። በቃል የተነገረ ደንብ፣ ደረሰኙ ላይ ጠብ ሲነሳ የእናንተ ፈጠራ ሆኖ ይቀራል።

በመጨረሻ የተስማማነው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ከሁሉም በላይ የአደጋ ጊዜ ቁጥሮች ተቀመጡ፤ አውሮፓ ውስጥ 112 ማለት ነው። እነዚህ ምንም ደንብ፣ ምንም የሒሳብ ጉድለት አይነካቸውም፤ ዋጋቸው ዜሮ ነው፣ ሒሳቡ ያለቀበት ደንበኛም ይደውላል። ቀጥሎ ፓኬጁ፤ ደቂቃ የቀረው ሰው መጀመሪያ ከዚያ ይበላል። ከፓኬጁ የተረፈው ላይ የውል ዋጋና የበዓል ዋጋ ተወዳድረው ለደንበኛው የሚያንሰው ይያዛል። ሁለቱም ከሌሉ የሰዓቱ ዋጋ፣ እሱም ከሌለ የሰንጠረዡ ዋጋ። የእናንተ ደንበኛ ሌላ ቅደም ተከተል ሊመርጥ ይችላል፤ መብቱ ነው። ሳይመርጥ ግን አትጀምሩ።

እዚህ ላይ ሶፍትዌሮቹ ራሳቸው ይለያያሉ። አንዳንዱ የመጀመሪያውን የሚገጥም ደንብ ሲያገኝ እዚያው ይቆማል፤ አንዳንዱ የሚገጥመውን ሁሉ በተራ ይተገብራል። አንዳንዱ 1 ቁጥርን ከሁሉ በላይ ያደርጋል፤ ሌላው ትልቁን ቁጥር። ማኑዋሉን አምናችሁ አትለፉ፤ ሁለት እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ደንቦች አስገቡና አንድ የሙከራ ጥሪ አስልታችሁ እዩት። ቅናሾች ሲደራረቡም ጠይቁ፦ 10 በመቶ እና 5 በመቶ ቅናሽ አንድ ላይ 15 በመቶ ነው ወይስ በተራ የሚቀነስ? በተራ ከሆነ 100 ብር 90 ይሆናል፣ ከ90 ላይ 5 በመቶ ሲነሳ 85 ብር ከ50 ሳንቲም ይቀራል፤ ማለትም 14.5 በመቶ ብቻ ነው የተቀነሰው። ለደንቦቹ ተራ ቁጥር ስትሰጡ 1፣ 2፣ 3 ሳይሆን 100፣ 200፣ 300 ብላችሁ ክፍተት ተዉ። ነገ በመሀል የሚገባ ደንብ አይጠፋም።

ወደ ቁጥሮቹ ስመጣ፣ ዋጋ የሚፈለገው በተደወለው ቁጥር መነሻ አሃዞች ነው፤ ሕጉም ረጅሙ የሚገጥም መነሻ ያሸንፋል የሚል ነው። 251 ኢትዮጵያ ነው፤ 2519 የኢትዮ ቴሌኮም ሞባይል፣ 2517 የሳፋሪኮም፣ 25158 ደግሞ የእኛን የጎንደርን ጨምሮ የሰሜን ምዕራብ መደበኛ ስልክ። ወደ 25158 የተደወለ ጥሪ 251 ላይም ይገጥማል፤ ረጅሙ ግን 25158 ስለሆነ ዋጋው ከዚያ ይወሰዳል። አገርና ኮድ አንድ ለአንድ ናቸው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። 1 አሜሪካና ካናዳ ቢሆንም 1876 ጃማይካ ነው። 7 ሩሲያና ካዛክስታን ይጋሩታል። ደቡብ ሱዳን በ2011 በፈረንጆች አቆጣጠር ነፃ ስትወጣ 211 ተሰጣት፤ ያረጀ ሰንጠረዥ ይዛችሁ ከሆነ ጭራሽ አታገኙትም።

ከመፈለጋችሁ በፊት ግን ቁጥሩ አንድ መልክ ይያዝ። አንዱ 00251 ብሎ ይደውላል፣ አንዱ የመደመር ምልክት ያስቀድማል፣ ከሰሜን አሜሪካ የሚደውለው 011251 ይላል። ሁሉም በአገር ኮድ ወደሚጀምር፣ ከ15 አሃዝ ወደማይበልጥ ዓለም አቀፍ መልክ መለወጥ አለባቸው። ሰንጠረዡን በኤክሴል ስትከፍቱም የቁጥሩን ዓምድ አስቀድማችሁ ጽሑፍ አድርጉት። ካልሆነ ኤክሴል መነሻ ዜሮዎችን ይበላል፤ ረጅም ስልክ ቁጥር ሲያገኝ ደግሞ 4.47911ኢ+11 የሚል የሳይንስ አጻጻፍ ያደርገዋል። በዚያው ቢቀመጥና ቢላክ የኋላ አሃዞቹ ጠፉ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የማያየው ኪሳራም ያለው እዚሁ ነው። ድርጅቱ ደቂቃ ከሌላ አቅራቢ ገዝቶ ይሸጣል። የአቅራቢው ሰንጠረዥ ዝርዝር ነው፤ 2519ን፣ 2517ን፣ የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ የሆነውን 25111ን ለየብቻ ዋጋ ይሰጣቸዋል። የመሸጫው ሰንጠረዥ ግን 251 ብሎ አንድ ዋጋ ብቻ ሊይዝ ይችላል። ከመነሻዎቹ አንዱ የመግዣ ዋጋው ከመሸጫው በልጦ ከተገኘ፣ ሰው በደወለ ቁጥር ድርጅቱ ይከስራል፤ ሽያጩ ሲጨምር ኪሳራውም አብሮ ይጨምራል፣ ሪፖርቱም ያምራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በመግዣው ሰንጠረዥ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ መነሻ፣ በመሸጫው ሰንጠረዥ ረጅሙን ገጣሚ ፈልጎ ሁለቱን ዋጋ የሚያነጻጽር አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ፤ አቅራቢው አዲስ ዋጋ በላከ ቁጥር አስኪዷት። ከቢሮአችን ሥራ ሁሉ ድርጅቱን የበለጠ የጠቀመው ይህ ይመስለኛል።

ስለ ጥሪው ርዝመት ያለውን ጥያቄ ያነሱት የሒሳብ ሠራተኛችን ናቸው። እትዬ ነው የምንላቸው፤ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ሥራ የጨረሱ፣ ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ብዙም የማይጨነቁ ሰው ናቸው። «ስልኩ ሲጠራ የቆየበትን ደግሞ ማነው የሚከፍለው?» አሉ። ጥያቄው ዝም ብሎ የሚታለፍ አልነበረም። ጥሪውን የሚያስተናግደው አስተሪስክ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ በጥሪ መዝገቡ ላይ ሁለት የጊዜ ዓምድ ያስቀምጣል። ዱሬሽን የሚለው መጥራት ከጀመረበት ይቆጥራል፤ ቢልሴክ የሚለው ስልኩ ከተነሳበት። ዋጋ የሚሰላው በሁለተኛው ነው። ሌላ ማዞሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ዓምዱ ሌላ ስም ይኖረዋል፤ ስልኩ ሳይነሳ የተዘጋ አንድ ጥሪ ደውላችሁ መዝገቡ ላይ ምን እንደሚጽፍ እዩ፣ በአንድ ደቂቃ ይገለጥላችኋል።

ከዚያ የአቆጣጠሩ ጉዳይ አለ። በዚህ ሥራ ውስጥ ያሉ ሰዎች 60/60፣ 30/6፣ 1/1 ይላሉ። ፊተኛው ቁጥር ትንሹ የሚከፈልበት ሰከንድ ነው፤ ኋለኛው ከዚያ በኋላ በስንት ሰከንድ እየዘለለ እንደሚቆጠር። 37 ሰከንድ የፈጀ ጥሪ እንውሰድ፤ ዋጋው በደቂቃ 12 የዩሮ ሳንቲም ይሁን። በ60/60 ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል፣ 12 ሳንቲም፤ ባጃጅ ተሳፍሮ ግማሽ መንገድ ላይ ወርዶ ሙሉውን እንደ መክፈል ነው። በ30/6 የመጀመሪያው 30 ተቆጥሮ የቀረው 7 ሰከንድ ወደ 12 ያድጋል፤ ጠቅላላው 42 ሰከንድ፣ 8.4 ሳንቲም። በ1/1 ደግሞ 37 ሰከንድ ብቻ፣ 7.4 ሳንቲም። የደቂቃው ዋጋ ያው ሆኖ ሒሳቡ ግን ይህን ያህል ይራራቃል። ስለዚህ የአቆጣጠሩ ዓይነት ለየመነሻው፣ ከዋጋው ጎን፣ በራሱ ዓምድ ይግባ።

እዚያው ላይ የማጠጋጋት ጣጣ አለ። 7.4 ሳንቲም በየጥሪው ወደ 7 ቢጠጋጋ፣ 10,000 ጥሪ 700 ዩሮ ይሆናል፤ ወደ ላይ ወደ 8 ቢሳብ 800። ሳይነካ ተደምሮ መጨረሻ ላይ ቢጠጋጋ 740 ነው። ሦስቱም «ትክክል» ሊባሉ ይችላሉ፤ ውሉ ላይ የተጻፈው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ካልተጻፈ፣ በየጥሪው አራት ወይም ስድስት የነጥብ አሃዝ ይያዝና ደረሰኙ ድምር ላይ አንዴ ይጠጋጋ የሚለው የእኔ ምርጫ ነው። ገንዘቡን በዳታቤዙ ላይ አሃዙን እንዳለ በሚይዘው በዴሲማል ዓይነት አስቀምጡ፤ ፍሎት የሚባለው ዓይነት 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ እንኳ በትክክል 0.3 አያወጣም።

አሁን ወደ ሰዓት ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ምክንያቱም ለእኛ ለሐበሾች ሁለት እጥፍ ያስቸግራል። ጋሼ በላኩት ማስታወሻ ላይ «ከማታው 2 ሰዓት ጀምሮ ቅናሽ» ይላል። የእኛ ማታ 2 ሰዓት በፈረንጁ 20:00 ነው። ግን የየት አገር 20:00? ደዋዩ ያለበት፣ ወይስ የሚደወልበት? የሽያጭ ሰዎች ሐሳብ ደዋዩ ከሥራ ሲገባ እንዲደውል ነውና የደዋዩ ሰዓት መሆን ነበረበት። መዝገቡ ደግሞ የሚጻፈው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ነው። ጎንደር ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፣ አትለዋወጥም። አውሮፓ ግን በማርች የመጨረሻው እሑድ ሰዓቱን አንድ ወደፊት ይገፋል፣ በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ይመልሰዋል። በኦክቶበሩ ሌሊት አንዷ ሰዓት ሁለት ጊዜ ትመጣለች። ስለዚህ ደንቡ ላይ «ሲደመር 1» ብላችሁ ቋሚ ልዩነት አትጻፉ፤ የከተማውን የሰዓት ክልል ስም አስገቡና ልዩነቱን ሶፍትዌሩ ራሱ ያስላው። በወረቀታችን ላይ ከዚያ በኋላ ማታ፣ ጠዋት የሚል ቃል አልገባም፤ 24 ሰዓት አቆጣጠርና የከተማ ስም ብቻ።

ጥሪው 19:50 ተጀምሮ 20:10 ቢያልቅስ? ወይ በተጀመረበት ሰዓት ዋጋ ሙሉውን ያስከፍላል፣ ወይ ሒሳቡ 20:00 ላይ ለሁለት ተቆርጦ እያንዳንዱ ክፍል በየራሱ ዋጋ ይሰላል። መቁረጡ ለደንበኛው ፍትሐዊ ነው፤ በተጀመረበት ማስላቱ ግን ለማስረዳት ይቀላል። ጋሼ በተጀመረበት ማስላቱን መረጡ፤ እኔም ደገፍኳቸው፣ ስልክ ደውሎ የሚከራከርን ሰው የሚያስረዱት እሳቸው ናቸውና።

የጥምቀቱ ቅናሽ ግን ሁላችንንም ያሳቀ ነበር። ድርጅቱ በጥምቀት ወደ ኢትዮጵያ የሚደወለው ሁሉ እንዲቀንስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ያን ሰሞን ከጎንደር ተወልዶ ውጭ ያለ ሰው ሳይደውል አይውልም። ማስታወሻው «ጃንዋሪ 19» ይላል። «ጋሼ፣ ይሄ ሁልጊዜ አይሠራም» ስላቸው «ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ምን ሁለት አለው!» ብለው ተቆጡ። ጥር 11 መሆኑ እውነት ነው። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ ያኔ ጥር 11 ጃንዋሪ 20 ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. እንዲሁ ነበር፣ በ2020ም እንዲሁ ይሆናል። ገና ደግሞ በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ከጃንዋሪ 7 አይነቃነቅም። ስለዚህ አንዱን በዓል በእነሱ ቀን፣ ሌላውን በእኛ ቀን ማሰር ግድ ነው። ሶፍትዌሩ የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም፤ የበዓላቱን ቀን ለሚመጡት ዓመታት አስልተን በአንድ ሰንጠረዥ አስገባንለት፤ ደንቡም ቀኑን ከዚያ ያነባል። ፋሲካም እዚያው ውስጥ አለች፣ እሷ ጭራሽ በየዓመቱ ትዞራለች።

መጀመሪያውና መጨረሻውስ? «ከከተራ እስከ ሚካኤል» አሉ ጋሼ። ለእኛ ግልጽ ነው፤ ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳሉ፣ 11 ይመለሳሉ፣ የሚካኤል ታቦት 12 ይገባል። ለሶፍትዌሩ ሲተረጎም፣ በጎንደር ሰዓት ጥር 10 ከ00:00 ጀምሮ ጥር 13፣ 00:00 ከመድረሱ በፊት ነው። በመደበኛው ዓመት በዩቲሲ ከጃንዋሪ 17፣ 21:00 እስከ ጃንዋሪ 20፣ 21:00 መሆኑ ነው። ልብ በሉ፦ የማታው ቅናሽ በደዋዩ ሰዓት ይሄዳል፣ የጥምቀቱ ግን በጎንደር ሰዓት። ሶፍትዌሩ ሁለት ደንብ በሁለት የሰዓት ክልል የማይፈቅድላችሁ ከሆነ፣ ሥራውን ሳትቀበሉ ማወቅ ይሻላል።

ማንኛውም ደንብ የማብቂያ ቀን ሲኖረው «እስከ» የሚለው ቃል ያጣላል። «እስከ ጥር 30» ሲባል 30ው ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? እኛ መጀመሪያውን የሚያካትት፣ መጨረሻውን የማያካትት ደንብ ብቻ ነው የምንጽፈው፤ አንዱ የሚያልቅበት ቅጽበት ሌላው የሚጀምርበት ነው። በመሀል ዋጋ የሌላት ሰከንድ አትቀርም፣ ሁለት ዋጋ ያላትም አትኖርም።

በፓኬጅ ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ 2 ደቂቃ የቀረው ሰው 5 ደቂቃ ቢያወራ፣ 3ቱ ደቂቃ በመደበኛው ዋጋ ይሰላል፤ ታዲያ የመጀመሪያው 30 ሰከንድ ደንብ ለቀሪው ክፍል እንደገና ይሠራል? አይሠራም ብለን ወሰንን፤ ጥሪው አንድ ነው።

ምንም ደንብ የማይገጥመው ጥሪ ሲመጣ ሶፍትዌሩ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ሳይነግራችሁ ዜሮ ይለዋል። ይህ አደገኛ ነው። ዋጋው ዜሮ የሆነ ጥሪና ዋጋ ያልተገኘለት ጥሪ አንድ አይደሉም። በመጨረሻው ተራ ላይ «ምንም ካልገጠመ አቁመህ ለሰው አሳይ» የሚል ደንብ ይኑር። እንደ 870 እና 881 ያሉት የሳተላይት ስልክ መነሻዎች ደቂቃቸው እጅግ ውድ ስለሆነ፣ ደንበኛው በጽሑፍ ካልጠየቀ በስተቀር ዝግ ይሁኑ። የተሰረቀ አካውንት የሚያገኝ ሌባ ቀድሞ የሚሄደው እንዲህ ወዳሉ ውድ ቁጥሮች ነው፤ ቅዳሜ ማታ ይጀምርና ሰኞ ጠዋት ትሰማላችሁ።

ፈተናውን እትዬ ናቸው የመሩት። እኛ የሙከራ ጥሪዎቹን አወጣን፦ 0 ሰከንድ፣ 1 ሰከንድ፣ 30፣ 31፣ 60፣ 61፤ ሰዓቱ 19:59:59 እና 20:00:00፤ ከከተራ አንድ ሰከንድ በፊትና በኋላ፤ ውልም ፓኬጅም ያለው፣ ሁለቱም የሌለው። እሳቸው የተፈረመውን የደንብ ወረቀት ብቻ ይዘው፣ ማያ ገጹን ሳያዩ፣ በካልኩሌተር እያንዳንዱን አሰሉ። የሳቸው መልስ ታሽጎ ከተቀመጠ በኋላ ነው ሶፍትዌሩን ያስኬድነው። ሁለቱ ሲለያዩ ሦስት ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ወይ አገባባችን ተሳስቷል፣ ወይ እሳቸው ተሳስተዋል፣ ወይም ወረቀቱ ሁለት ትርጉም አለው። ሦስተኛው ከጠበቅነው በላይ ብዙ ነበር፤ እያንዳንዱም ወደ ጋሼ ተመልሶ ሄደ። ይህን ሥራ ለፕሮግራመር አትስጡት። ደንቡን ያስገባው ሰው መልሱን ቢያሰላ ያንኑ አረዳዱን ይደግማል። የሙከራው ዳታቤዝ ላፕቶፕ ላይ ነበረና መብራት በሚሄድበት ሰዓት እንኳ ሥራው አልቆመም።

ወደ ሥራ ሲገባ አሮጌውና አዲሱ ለአንድ ሙሉ የክፍያ ወር ጎን ለጎን ይሂዱ፤ ደረሰኝ የሚወጣው ከአሮጌው ብቻ። ስታነጻጽሩ ድምሩን ሳይሆን ጥሪ በጥሪ አነጻጽሩ። አንዱ ደንብ ሲያበዛ ሌላው ሲያሳንስ ድምሩ ሊገጥም ይችላል፤ ደንበኞቹ ግን የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ለዚህ እንዲረዳ እያንዳንዱ የተሰላ ጥሪ ጎን የትኛው ደንብ እንዳሰላው ቁጥሩ ይመዝገብ። ልዩነቶቹን በደንብ ቁጥር ስትመድቧቸው ብዙውን ጊዜ የተበተነ የመሰለው ሁሉ ከሁለት ወይም ከሦስት ደንብ ወጥቶ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ በኋላ ደንብ የሚለውጠው አንድ ሰው፣ የሚያጸድቀው ሌላ ሰው ይሁን፤ ለውጡ የተጠየቀበት ኢሜይልም አብሮ ይያያዝ። ዋጋ ሲለወጥ አሮጌውን መስመር አታርሙት፤ ቀኑን ዝጉና አዲስ መስመር ክፈቱ። ደንበኛ ስለ ጥሪው አቤት የሚለው ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ጥሪውን እንደገና ማስላት የሚቻለው የዚያን ቀን ዋጋና የዚያን ቀን ደንብ ሳይነካ ካገኛችሁት ብቻ ነው። እኛ ጋ የተዘጋ ደንብ ከዝርዝሩ ይደበቃል እንጂ አይሰረዝም።